ሮተሪ ሞተር በብርድ አልነሳ ሲል፦ «ሞተሩ አልቋል» ከመባሉ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ሮተሪ ሞተር ያላት መኪና ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው የሚሰማው ፍርድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ወንድሜ፣ ሞተሩ አልቋል»። ኮፈን ሳይከፈት፣ ካንዴላ ሳይወጣ፣ ባትሪ ሳይለካ። የእኔም ማዝዳ አርኤክስ-8 በጥቅምት ብርድ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ማለት ስትጀምር ተክለሃይማኖት አካባቢ ያየኋቸው መካኒኮች የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ሞተሯ ግን አላለቀም ነበር፤ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ አሁንም ታመላልሰኛለች። ችግሩ ሦስት ነገር ተደራርቦ ነበር፦ የደከመ የባትሪ መስመር፣ የሞተ አንድ ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚልከው ዕቃ)፣ እና የመኪና ማቆሚያችን ልማድ።

በመካኒኮቹ አልፈርድም። እጃቸው የተፈታው በቶዮታ ነው፤ ቪትዝና ኮሮላ ሲሠሩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ሮተሪ በዓመት አንዴ ቢመጣላቸው ነው። ደግሞም ይህ ሞተር በዓለም ላይም ቢሆን ያለው ስም «ቶሎ ያልቃል» የሚል ስለሆነ ፍርዱ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያለንን መኪና በግምት ሞተር አስወርደን የምንጥልበት ጊዜ አይደለም። አንድ መልቲሜትር፣ አንድ የኮምፕሬሽን ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት የሚለካ)፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ አንድ ስካነርና ትዕግሥት ያለው ሰው ጥፋቱን ራሱ ሊለየው ይችላል። ቁልፍ መያዝ የማይወድም ቢሆን መካኒኩን ምን ለክቶ እንዲነግረው እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ ላንሳ፤ ሳይታወቅ ምርመራው ትርጉም አይሰጥም። ፊሊክስ ቫንክል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ባመነጨው በዚህ አሠራር ፒስተን የለም፣ ቫልቭም የለም። ጎኑ ያበጠ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር በሞላላ ክፍል ውስጥ ይሽከረከራል። ሦስቱ ጎኖቹ እያንዳንዳቸው በየተራ አየርና ቤንዚን ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ያስወጣሉ። አርኤክስ-8 ሁለት ሮተር አላት፤ እያንዳንዱ 654 ሲሲ፣ ድምሩ 1308 ሲሲ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ድረስ የተመረተችው በዚሁ ሞተር ነው። የታመቀውን አየር እንዳያመልጥ የሚይዙት በሮተሩ ማዕዘኖችና ጎኖች ላይ ያሉት ቀጫጭን ማሸጊያዎች ናቸው፤ በሚገባ የሚያሽጉት ደግሞ ስስ የዘይት ሽፋን ሲኖራቸው ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሆን ተብሎ ጥቂት ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይወስዳል። «ዘይት ትበላለች፣ ሪንጉ አልቋል» የሚላችሁ መካኒክ ካለ፣ የፒስተን ሪንግ የሚባል ነገር የሌለው ሞተር መሆኑን በትህትና ንገሩት። የዘይት ዘንጉን ቤንዚን በቀዳችሁ ቁጥር ማየት ግን የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። መኪናዋ የማትነሳው ስትበርድ ነው ወይስ ስትሞቅ? ይህን ሳይለዩ ጋራዥ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። ማሸጊያው ያለቀ ሮተሪ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው ሞቆ ሲጠፋ ነው፤ ከመንገድ መጥታችሁ፣ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ያለ ፋታ ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይያዝም። ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ደካማውን ማሸጊያ አያግዘውም። ጠዋት ላይ ግን ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ያግዛል። ሞቃ ሳለች ወዲያው የምትነሳ፣ ሌሊቱን አድራ ግን የምታስቸግር መኪና ከሆነች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቤንዚን፣ እሳትና ባትሪ ነው። የእኔ እንዲህ ነበረች። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች።

ሮተሪን በብርድ ከሚያስቸግሩት ሁሉ ቀዳሚው በቤንዚን መጥለቅለቅ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይረጫል። ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ የዘይቱን ሽፋን ከማሸጊያው ላይ ያጥበዋል፣ ካንዴላውን ያርሰዋል። በሚቀጥለው ማስነሳት ማሸጊያው አይይዝም፣ ካንዴላው አይተኩስም፣ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም ቤንዚን ይጨምራል። እርጥብ እንጨት ላይ ክብሪት እንደመጫር ነው። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ባዞራችሁ ቁጥር ነገሩ ይብስበታል።

እዚህ ላይ የመኪና ማቆሚያችንን ጉዳይ ማንሳት አለብኝ፤ በመሀል ከተማ ለምንኖር ሰዎች ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛልና። ቦታ ስለሌለ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ ያድራል። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ይቀመጣል። ጎህ ሲቀድ የሚወጣ ጎረቤት ካለ የእኔ መኪና ተነስታ አራት ሜትር ወደፊት ትሄድና ትጠፋለች። ለኮሮላ ይህ ምንም አይደለም። ለሮተሪ ግን ከዚህ የከፋ አያያዝ የለም፤ ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ወዲያው ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ቆይቼ ስወርድ አትነሳም። ጋሼ ዘበኛውን ጠጋ ብዬ ሳዋያቸው «ታዲያ ምን ላድርጋት፣ ልጄ?» አሉኝ። መልሱ ቀላል ነበር፦ ማርሹን ፈትቶ በእጅ መግፋት። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። መግፋት ካልተቻለ ደግሞ አንዴ ከተነሳች የሙቀት መቁጠሪያው መሀል እስኪደርስ አለማጥፋት ነው። ይህን ብቻ በማድረግ ከችግሩ ግማሹ ተቃለለ።

የጠለቀች መኪና እንዴት ትነሳለች? ባትሪው ሙሉ ከሆነ የነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ይዛችሁ ቁልፉን አዙሩ። በዚህች መኪና ላይ መርገጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሪኖ ሲዞር ኮምፒውተሩ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፤ የሚገባው አየር ብቻ ነው፣ ክፍሉን ያደርቀዋል። ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፤ ሞተሪኖው እንዲበርድ ፋታ ስጡት። ልትነሳ ስትል ፏ ፏ ማለት ትጀምራለች፤ ያኔ መርገጫውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ።

በዚህ ካልሆነ አራቱን ካንዴላ ማውጣት ነው። ከላይ እጅ አያስገባም፤ የግራውን የፊት ጎማ አውርዶ በዚያ በኩል መድረስ ይቀላል። የኮይሎቹንና የቤንዚን መርጫዎቹን ሶኬት ነቅላችሁ ሞተሪኖውን ጥቂት ስታዞሩት ቤንዚኑ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ይተፋል። ማስጠንቀቂያ፦ ይህን የምታደርጉት ሜዳ ላይ ነው። በእኛ ግቢ ለምሳሌ ሁልጊዜ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ አይጠፋም፤ ቡና እየተፈላ ባለበት አጠገብ የቤንዚን ጭስ መልቀቅ ከመኪና ችግር ወደ እሳት አደጋ መሸጋገር ነው። በየጋራዡ የተለመደው «ካንዴላውን ቦዲ ላይ አስደግፈህ እሳት እየው» የሚባለውም ነገር እዚህ አይሞከርም፤ ቀዳዳው ቤንዚን እየተነፈሰ ነው። ከዚያም በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት፣ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ አስገብታችሁ በእጅ ወይም በሞተሪኖ ጥቂት ማዞርና ደረቅ ካንዴላ ማሰር ነው። የታጠበው ማሸጊያ ዘይት ሲያገኝ ኮምፕሬሽኑ ይመለሳል። ስትነሳ ግቢውን ነጭ ጭስ ይሞላዋል፤ ዘይቱ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ጎረቤት አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ጥሩ ነው።

ገፍቶ ማስነሳትን በተመለከተ፦ ቸርችል ጎዳናን የመሰለ ቁልቁለት ያለው ከተማ ውስጥ ስንኖር ፈተናው ከባድ ነው። በማንዋል ካምቢዮ ይቻላል። እኔ ግን አልመክረውም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይሄድና ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር ውስጥ ይቃጠላል፤ ካታላይዘሩ ከቀለጠና ከደፈነ ሌላ በሽታ ገዛችሁ ማለት ነው። ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ ፍሬኑ ይደነድናል፤ ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርድ መንገድ ላይ ያን መሞከር የጤና አይደለም።

መጥለቅለቁን ካቆማችሁ በኋላም ችግሩ ከቀጠለ ጆሮ ይጠቅማል። መርገጫውን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ሌላ ሰው ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ ያዳምጥ። ጤነኛ ሮተሪ ሲዞር «ሁፍ ሁፍ ሁፍ ሁፍ» እያለ እኩል ይተነፍሳል። አንዱ ማሸጊያ የተሰበረ ከሆነ ትንፋሹ ይሳሳታል፣ «ሁፍ ሁፍ… ሁፍ ሁፍ…» እያለ ይዘላል። ምንም ትንፋሽ ሳይሰማ ዝም ብሎ እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከር ከሆነ ወይ ጠልቋል፣ ወይ ኮምፕሬሽኑ ወርዷል። የእኔ ትንፋሿ እኩል ነበር፤ ግን ዘገምተኛ። ዘገምተኛነቱ ነው ወደ ባትሪው የመራኝ።

ሮተሪ እንዲነሳ ፍጥነት ይፈልጋል። ኮምፕሬሽን እንኳ የሚለካው በደቂቃ 250 ዙር ላይ ነው ተብሎ በአምራቹ መመሪያ የተቀመጠ ነው። ማዝዳ ራሱ በኋላ ላይ ለነዚህ መኪኖች ጉልበቱ ከፍ ያለ ሞተሪኖ ያቀረበው ያለ ምክንያት አይደለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል ለሰው፤ ለሮተሪ በጥቅምት ሙሉ ባትሪ ነው። ስካነሩን ሰክታችሁ ሞተሪኖው ሲዞር የሚያሳየውን ዙር አንብቡ፤ ከ200 በታች ከሆነ ሌላ ነገር ከመመርመራችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ።

መልቲሜትር በባትሪው ላይ አድርጉ። አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው። ዋናው ግን ሞተሪኖው ሲዞር የሚያሳየው ነው፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ይስባል። የእኔ አድሮ 12.5 ነበር፤ ይህን ያየ ኤሌክትሪሽያን «ባትሪው ሎሚ ነው፣ ምንም አልሆነም» ብሎ ዘጋው። ሲዞር ግን ወደ 9 ይወርድ ነበር። ቀጥሎ ማንም የማይለካውን ለካሁ፦ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ማዞር። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት። የእኔ ከአንድ ቮልት አለፈ። ኔጌቲቩን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው ገመድ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ወፍራም አዲስ ገመድ ተበጀለት፣ መታሰሪያው በብረት ብሩሽ ተፋቀ፣ ባትሪውም ተቀየረ። የዙሩ ፍጥነት ወዲያው ጨመረ፤ መኪናዋም በብዙ ጠዋቶች መነሳት ጀመረች። በሁሉም ግን አይደለም።

የቀረውን ያጋለጡት ካንዴላዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ፣ እያንዳንዱም ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው፤ በድምሩ አራት አራት። የታችኛው ቀድሞ የሚተኩሰው ነው፣ የላይኛው ተከታዩ። ሁለቱ አይመሳሰሉም፤ የኤንጂኬ ከሆኑ የታችኛው መለያ በ«ኤል»፣ የላይኛው በ«ቲ» ያልቃል። በስህተት ተቀያይረው ታስረው ያየሁበት መኪና አለ። ስትፈቱ በቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ከሁሉም ምርመራ በላይ ነገረኝ። ምክንያቱም ካንዴላዎቹን እርስ በርስ ማወዳደር ይቻላል። የሁለቱም ሮተር ካንዴላ እርጥብ ከሆነ ጥፋቱ የጋራ የሆነ ነገር ነው፦ መጥለቅለቅ፣ ዘገምተኛ ሞተሪኖ፣ የተሳሳተ ሴንሰር። የአንዱ ሮተር ብቻ ከረጠበ ግን የዚያ ሮተር ኮይል፣ መርጫ ወይም ማሸጊያ ነው። የእኔ የፊተኛው ሮተር ካንዴላዎች ደረቅና ቡናማ ነበሩ፤ የኋለኛው የታችኛው ካንዴላ ጥቁርና እርጥብ።

ስካነሩም ፒ0302 የሚል ኮድ ያሳይ ነበር፤ የሁለተኛው፣ ማለትም የኋለኛው፣ ሮተር መተኮስ መሳት ማለት ነው። ኮዱን ብቻ አይቶ «ሁለተኛው ሮተር አልቋል» ማለት ይቻላል፤ ኮዱ ግን ሮተሩ አልተኮሰም እንጂ ለምን እንዳልተኮሰ አይናገርም። ርካሹ ሙከራ ኮይል ማቀያየር ነው። የኋለኛውን የታችኛ ኮይል ከፊተኛው ጋር ቀያየርኩ፤ ኮዱ ወደ ፒ0301 ተዛወረ። ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ሄደ ማለት ነው። እነዚህ ኮይሎች ሞተሩ አናት ላይ ሙቀት ስለሚመታቸው ቶሎ ይደክማሉ። ሲሞቱም በአንድ ጊዜ አይሞቱም፤ በሙቅ ሞተር ላይ እየተኮሱ በብርድና በእርጥብ ካንዴላ ላይ ይሰንፋሉ። አራቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ጥሩ ነው፤ አንዱ ከሄደ ሌሎቹም ዕድሜያቸው እኩል ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮይል ይገኛል፤ ግን በዕድሜ የደከመን ኮይል ዕድሜውን በማታውቁት ኮይል መተካት ምን ይጠቅማል? ለዚህ ዕቃ አዲስ ከውጭ በሰው ማስመጣቱን እመርጣለሁ። ካንዴላም እንዲሁ፤ አስመስሎ የተሠራ ካንዴላ በገበያው ሞልቷል።

ሴንሰሮቹን ቶሎ ልለፋቸው። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ስካነሩን ሰክታችሁ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀትና የሚገባውን አየር ሙቀት አወዳድሩ፤ መኪናዋ አድራለችና ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። አየሩ 9 ዲግሪ ሆኖ ውሃው ከዜሮ በታች 30 ነው የሚል ከሆነ ሴንሰሩ ኮምፒውተሩን እየዋሸው ነው፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ቤንዚን ያጎርፋል። ሞተሪኖው እየዞረ ስካነሩ ዙሩን ጭራሽ ዜሮ ካለ የሞተሩን ዋና ዘንግ መዞር የሚለካውን ሴንሰርና ሽቦውን እዩ፤ ያ ምልክት ከሌለ እሳትም ቤንዚንም የለም። ካንዴላው ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ካልተነሳች ደግሞ የቤንዚን ፓምፑን ግፊት በጌጅ ማስለካት ነው።

አሁን ወደሚያስፈራው፣ ወደ ኮምፕሬሽን። ሞተር የሚወርደው በዚህ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ በትክክል መነበብ አለበት። የተለመደው የፒስተን ሞተር ጌጅ ሮተሪ ላይ ሲሰካ ያታልላል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ከፍተኛውን ግፊት ይዛ ስለምትቀር፣ ከሦስቱ የሮተር ጎኖች ጠንካራው ብቻ ይነበባል፤ ሁለቱ ቢሞቱም አታዩአቸውም። ለሮተሪ የተሠራ መለኪያ ሦስቱንም ለየብቻ ያነባል፤ እዚህ ግን ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። መጀመሪያ ቫልቯ እንዳለች ለካሁ፤ ይህ የጠንካራውን ጎን ቁጥር ይሰጣል። ቀጥሎ ቫልቯን አውጥቼ ደግሜ አዞርኩ፤ አሁን መርፌው በየትንፋሹ ይዘላል። ስልኬን አቅርቤ በቀስታ በሚያሳየው ቪዲዮ ቀረጽኩ። ሦስት ተከታታይ ዝላይ ሦስቱ ጎኖች ናቸው። እዚህ ላይ የምትፈልጉት ቁጥሩን ሳይሆን እኩልነቱን ነው፤ ሦስቱም እኩል ከዘለሉ ማሸጊያ አልተሰበረም። ሲለካ ሞተሩ ሞቆ፣ የሁለቱም ሮተር ካንዴላ ወጥቶ፣ መርጫዎቹ ተነቅለው፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ መርገጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ነው።

የእኔ ፊተኛ ሮተር 5.7፣ ኋለኛው 5.4 ኪሎ ግራም በሴንቲ ሜትር ካሬ አነበበ። ዝላዩ በሁለቱም እኩል ነበር። የማዝዳ መመሪያ ደግሞ በ250 ዙር ላይ ደረጃው 8.5፣ ዝቅተኛው 6.9 ነው ይላል። ቁጥሩን ያየው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አየህ፣ አልቋል አላልኩህም?» አለኝ።

የዘነጋነው አንድ ነገር አለ፦ ያ መመሪያ የተጻፈው ለባህር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባህር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል (0.76 ገደማ) ብቻ ነው። ሞተሩ የሚያምቀው የሳበውን አየር ነው፤ የሳበው በአንድ አራተኛ ካነሰ፣ ታምቆ የሚያሳየውም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በእኛ ከተማ 8.5 የነበረው አዲስ ሞተር 6.5 አካባቢ ነው የሚያነበው፤ የመጨረሻው ወሰን 6.9 ደግሞ 5.2 አካባቢ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ 6.9 የሚያነብ ሮተሪ ያለቀ ሳይሆን ከፋብሪካ የወጣ ያህል ጤነኛ ነው። የእኔን 5.4 ለ0.76 ስታካፍሉት 7.1 ይመጣል። አዲስ አይደለም፤ ግን ከወሰኑ በላይ ነው። መመሪያው በሁለቱ ሮተሮች መካከል እስከ 1.0 ልዩነት ይፈቅዳል፤ የእኔ ልዩነት 0.3 ነበር። ሂሳቡን በወረቀት ሠርቼ ሳሳየው መካኒኩ ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ የላንድክሩዘሩንም እንዲሁ ስናነብ ኖረናላ!» አለ። እውነቱን ነው፤ የፒስተን ሞተርም ከፍታው ይቀንሰዋል። በእሱ ላይ የለመድነው ቁጥር ግን ከዚሁ ከተማ መኪኖች የተሰበሰበ ስለሆነ አያሳስተንም። ሮተሪ ሲመጣ ግን የምንይዘው መጽሐፉን ነው።

ቁጥራችሁ ከ5.2 በታች ከሆነ፣ ወይም ከሦስቱ ዝላይ አንዱ ጎልቶ ካነሰ፣ ተመሳሳዩን ልኬት ጥቂት ዘይት አስገብታችሁ ድገሙት። በዘይት በጣም ከፍ ካለ ማሸጊያው ታጥቦ ወይም አልቆ ነው፤ መኪናዋን ለጥቂት ቀናት በደንብ አሙቃችሁ ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። ያኔም ከወረደ ስለ ሞተር እድሳት ማሰብ ትችላላችሁ።

ከኮምፕሬሽን ይልቅ የምፈራው የውሃ ማሸጊያውን ነው። ሮተሪ አንዴ ከልክ በላይ ከሞቀ በክፍሎቹ መካከል ያሉት የውሃ ማሸጊያ ጎማዎች ይለቃሉ። ሌሊት የማቀዝቀዣው ውሃ በዝግታ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይገባል፤ ጠዋት ካንዴላው ይረጥባል፣ መኪናዋ አትነሳም፣ ስትነሳም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ትለቃለች። ከመጥለቅለቅ ጋር መምታታቱ የተለመደ ነው። ልዩነቱ ካንዴላው የሚሸተው ቤንዚን አለመሆኑና የውሃው መጠን በየጊዜው መጉደሉ ነው። ለማረጋገጥ የማቀዝቀዣውን ሲስተም ማታ በፓምፕ ግፊት ሰጥቶ ማሳደርና ጠዋት ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማየት ነው። በነገራችን ላይ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቆመ ቶሎ ይፈላል፤ ክዳኑን መቀየር ሞተር ከማውረድ ጋር ሲወዳደር ምንም ወጪ አይደለም። ንጹህ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላም ይህን መኪና ባይገዛ ይሻላል።

አርኤክስ-8 ለመግዛት ያሰበ ካለ ደግሞ፦ ሻጩን ማታ ደውላችሁ ጠዋት ከመምጣታችሁ በፊት እንዳያስነሳት ንገሩት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ፤ ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሆና ስትነሳ እዩ፣ ሽታውን አሽትቱ፣ ሚኒሞዋን (ነዳጅ ሳይረገጥ ስትዞር ያላትን ድምፅ) አዳምጡ። ከዚያ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ ንዱና በደንብ ስትሞቅ አጥፉ። አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ አስነሱ። ሙቅ ሆና ከአምስት ሰከንድ በላይ ከዞረች የኮምፕሬሽኑን ልኬት ሳታዩ ዋጋ አትነጋገሩ፤ ልኬቱን ስታዩም ለ0.76 አካፍሉ።